የመንግስት ንብረት ጨረታ ባህርዳር ላይ፦ «ባለበት ሁኔታ» የምትለዋን ሳትረዱ ፖስታ እንዳታስገቡ

ባለፈው አንዱ ጓደኛዬ ደወለና «እዛ ግቢ የቆሙት ሞተር ሳይክሎች ሊሸጡ ነው አሉ፣ ማንን ላናግር?» አለኝ። ማንንም አታናግር፣ ማስታወቂያውን አንብብ አልኩት። ሳቀብኝ። እኛ ጋ ጨረታ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበን ሰው ማወቅ ነው፣ እሱም የለም አልልም፣ ግን እኔ ፖስታ ሲከፈት ቁጭ ብዬ ካየኋቸው ውስጥ አብዛኛው ሰው ሲወድቅ ያየሁት በዘመድ እጦት ሳይሆን በረሳው ፊርማ፣ በስርዝ ድልዝ፣ ስሙ በተሳሳተ ሲፒኦ (ለዋስትና የሚያዘው ገንዘብ የሚቀርብበት የባንክ ቼክ) እና በአስር ደቂቃ መዘግየት ነው። ካሸነፉትም ቢሆን ሲያለቅሱ ያየኋቸው አሉ፣ ማስታወቂያው ላይ «ባለበት ሁኔታ» የምትል ነገር አለች፣ እቃው እንዳለ ነው የሚሸጠው ማለት ነው፣ እሷን ዘለዋት። ስለዚ ይሄን የምጽፈው በዋናነት ስለሷ ነው፣ ሌላው ወረቀት ነው።

መጀመሪያ ንብረቱ ከየት እንደሚመጣ እንወቅ። የመንግስት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ነው የሚዘጋው፣ በዛ ሰሞን መስሪያ ቤቱ ንብረቱን ይቆጥራል፣ የሚሰራውና የማይሰራው ይለያል፣ የማይሰራው ደግሞ ይጠገናል አይጠገንም ተብሎ ይታያል። ጥገናው ከዋጋው የሚበልጠው ወደ ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ይሄዳል። እዚጋ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ፣ ሁሉም ነገር ለሽያጭ አይወጣም፣ ሌላ የመንግስት መስሪያ ቤት ወይ ትምህርት ቤት የሚፈልገው ከሆነ በዝውውር ሊሰጥ ይችላል፣ ጊዜው ያለፈበት መድሃኒትና ኬሚካል የመሳሰለው ደግሞ ይቃጠላል ወይ ይቀበራል። ጨረታ ላይ የሚደርሰው እንግዲህ ሌሎቹ አይተው የተዉት ነው ብላችሁ አስቡ። አልፎ አልፎ እጅ የሚያስቆረጥም እቃ ይገኛል፣ ግን «መንግስት አዲስ መኪና በርካሽ ይሸጣል» እያለ ቴሌግራም ላይ የሚለጥፍ ካያችሁ እለፉት።

ማስታወቂያውን የት ነው የምታገኙት? እዚሁ ከተማ ለሚወጣ ንብረት በኩር ጋዜጣን ተከታተሉ፣ ሰኞ ሰኞ ነው የምትወጣው፣ ከመሃል ገጾቿ የጨረታ ማስታወቂያ አይጠፋም። ትልልቅ ነገር ሲሆን አዲስ ዘመን ላይም ይወጣል። ከዛ በተረፈ የከተማ አስተዳደሩና የክፍለ ከተሞቹ ማስታወቂያ ሰሌዳ አለ፣ ትንንሾቹ ጨረታዎች (የአንድ ጽህፈት ቤት ወንበርና ጠረጴዛ ምናምን) አንዳንዴ እዛ ብቻ ተለጥፈው ያልፋሉ። ሰሌዳ ላይ አንዱ ወረቀት በሌላው ላይ ስለሚለጠፍ ከላይ ያለውን ብቻ አይታችሁ አትሂዱ፣ ገለጥ አድርጉ። እኔ ፋሲሎ በኩል ሳልፍ፣ ግሽ ዓባይ በኩል ሳልፍ፣ ሳይክሌን ደገፍ አድርጌ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጅብኝ።

ቦታና ቤት የምትጠብቁ ሰዎች ግን ይሄ የናንተ ወረፋ አይደለም። በህገ መንግስቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግስትና የህዝብ ነው፣ አይሸጥም፣ ከተማው ቦታ አወጣ ሲባል በሊዝ ነው የሚያስተላልፈው። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ 721 ላይ ከአዲስ አበባ ውጪ ላለ ከተማ ለመኖሪያ 99 ዓመት ለንግድ 70 ዓመት ተብሎ ነው የተቀመጠው፣ የጨረታ ማስከበሪያው (ለመወዳደር በዋስትና የሚያዘው ገንዘብ) ከ5 በመቶ፣ ቅድመ ክፍያው ደግሞ ከ10 በመቶ እንዳያንስ ይላል፣ አሸናፊው የሚለየውም በካሬ በሰጠው ዋጋ ብቻ ሳይሆን ባቀረበው የቅድመ ክፍያ መጠንም ጭምር ነው። ብዙ ሰው ካሬውን ብቻ ሰቅሎ ቅድመ ክፍያውን ዝቅ ያደርግና ይበለጣል። የቀበሌ ቤት ደግሞ ጭራሽ ሌላ ጣጣ ነው፣ አብዛኛው መንግስት በ1967 ከወረሳቸው ቤቶች የመጣ ነው፣ «የቀበሌ ሱቅ ቁልፍ እሸጥልሃለሁ» የሚል ደላላ ከመጣባችሁ የሚሸጥላችሁ የራሱ ያልሆነ ነገር ነው። በቃ፣ ወደ ሞተራችን።

ማስታወቂያውን ስታነቡ ከታች ወደ ላይ አንብቡ። ቀልዴን አይደለም፣ ከላይ ያለው «በስራ ሂደቱ አማካኝነት አገልግሎት የማይሰጡ ልዩ ልዩ ንብረቶችን በግልጽ ጨረታ አወዳድሮ መሸጥ ይፈልጋል» የሚለው ሁሌም አንድ ነው፣ ገንዘባችሁን የሚበላው ተራ ቁጥር 9፣ 10፣ 11 ላይ ነው ያለው። እዛ ላይ ነው ማስከበሪያው በስንት እንደሚሰላ፣ አሸናፊው በስንት ቀን ውስጥ ቀሪውን ከፍሎ በስንት ቀን እቃውን እንደሚያነሳ፣ ቀረጥ የተከፈለበት ይሁን ያልተከፈለበት፣ ቫት ተጨምሮ ይሁን ሳይጨመር፣ የስም ማዛወሪያውን ማን እንደሚችል የሚጻፈው። «መስሪያ ቤቱ የተሻለ አማራጭ ካገኘ ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው» የምትለዋ ሁሌም አለች፣ እሷን እያያችሁ አትናደዱ፣ ግን በሷ ምክንያት ገና ሳታሸንፉ ገዢ ፈልጋችሁ ቀብድ እንዳትቀበሉ።

«ሎት» የሚለውንም እዩት፣ አንድ ላይ የሚሸጥ የእቃ ምድብ ማለት ነው። ሶስት ሞተር በአንድ ሎት ከሆነ አንዱን መርጬ ልግዛ ማለት አይቻልም፣ ሶስቱንም ሙሉ ወይ ተወው ነው። ሎቱ ውስጥ ካሉት እቃዎች የአንዷን ዋጋ ባዶ ትታችሁ ካለፋችሁ እንዳለ ልትወድቁ ትችላላችሁ።

አሁን «ባለበት ሁኔታ»። ትርጉሙ ቀላል ነው፣ እንዳለ ነው የምንሸጥልህ፣ አይነሳም አትበል፣ ጎደለ አትበል፣ መልስልኝ አትበል ማለት ነው። ዋስትና የለም። ሱቅ ሄዳችሁ እቃ ስትገዙ የምትሉት «ካልሰራ እመልሳለሁ» እዚህ የለም። ስለዚ ንብረቱን ሳያዩ ዋጋ መሙላት ማለት አይን ጨፍኖ ጣና ላይ ታንኳ መቅዘፍ ነው። ማስታወቂያው ላይ «በስራ ሰዓት ቀርበው ማየት ይችላሉ» ይላል፣ እና በእውነት ሂዱ፣ አንዴ ብቻ ሳይሆን ሁለቴ ሂዱ፣ አንዴ ብቻችሁን አንዴ ከሜካኒክ ጋ። ሜካኒኩን የቀን ሂሳቡን ከፍላችሁ ውሰዱት፣ በምሳ ብቻ የመጣ ሜካኒክ ቆሞ አይቶ «ይሄ ቀላል ነው» ነው የሚላችሁ።

እኔ ስሄድ የምይዘውን ልንገራችሁ፣ ባትሪ (የእጅ መብራት ማለቴ ነው)፣ አሮጌ ጨርቅ፣ በትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ናፍጣ፣ አንድ ብር ሳንቲምና ማግኔት። ሰው ይስቅብኛል። ሳንቲሙና ናፍጣው ለሻንሲ ቁጥር ነው፣ አካሉ ብረት ላይ የተቀረጸው መለያ ማለቴ ነው። እዚህ ከተማ ከሀይቁ በሚመጣው እርጥበትና በክረምቱ ዝናብ ሜዳ ላይ አራት አምስት አመት የቆመ ሞተር የሻንሲ ቁጥሩ ዝገት ለብሶ አይታይም፣ መሪው አንገት አካባቢ ነው ብዙ ጊዜ የሚገኘው፣ ናፍጣ ነከር ያለ ጨርቅ ደቂቃ ያህል ታስቀምጡበታላችሁ ከዛ በሳንቲሙ ጫፍ ቀስ እያላችሁ ትፍቃላችሁ፣ አንድ አንድ እያለ ቁጥሩ ብቅ ይላል፣ ያኔ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ማስታወቂያው ላይ ካለው ወይ ከሊብሬው (የባለቤትነት ደብተሩ) ኮፒ ጋ ታስተያያላችሁ። አንድ ጊዜ ሶስት ሞተር ያለበት ሎት አይቼ የሁለቱ ገጠመ፣ የሶስተኛው ግን የኢንጂን ቁጥሩ በሊብሬው ላይ ካለው በሁለት አሃዝ ይለያል። ንብረት ክፍሉን ስጠይቀው «ሲተየብ ተሳስቶ ነው» አለኝ። ሊሆን ይችላል። ኢንጂኑ ተቀይሮም ሊሆን ይችላል፣ እቃው ጋራዥ ነው የኖረው። እንደዛ ስታገኙ «በደብዳቤ አስተካክሉልኝ» ማለት ያለባችሁ ፖስታ ከማስገባታችሁ በፊት ነው፣ ከዛ በኋላ ትራንስፖርት ቢሮ ፊት የምትቆሙት እናንተ ናችሁ።

መኪና ከሆነ ደግሞ ኮፋኖውን አስከፍቱ። ግቢ ውስጥ የቆመ መኪና በተራ ነው የሚበለተው፣ መጀመሪያ ባትሪው ይሄዳል፣ ቀጥሎ ስፖኪዮው፣ ቀጥሎ ዲናሞው፣ በመጨረሻ ጎማው ወልቆ በድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ሽቦውን አይጥ በልቶት ይሆናል፣ ያ ደግሞ ከሞተር መበላሸት የባሰ ራስ ምታት ነው። የዘይት መለኪያውን መዛችሁ ጫፉን እዩ፣ ወተት የመሰለ ነገር ካለበት ውሃ ገብቷል። ከስር ተንበርክኩና ካምቢዮው በቦታው መኖሩን እዩ፣ ይሄን የምለው ቀልድ መስሏችሁ እንዳይሆን፣ ካምቢዮ የሌለው ፒካፕ ለጨረታ ቀርቦ በአይኔ አይቻለሁ፣ ማስታወቂያውም አልዋሸም፣ «ባለበት ሁኔታ» ብሏል።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገር። «ባለበት» ሲባል መቼ ባለበት? ካያችሁበት ቀን እስከ ምትረከቡበት ቀን አንድ ወር ሊሆን ይችላል፣ በዛ መሃል እቃው ከጎደለስ? ስለዚ ባያችሁበት ቀን በአራቱም በኩል ፎቶ አንሱ፣ ከስር፣ ከኮፋኖው ውስጥ፣ ጎማውን ከነቁጥሩ፣ ባትሪውን ከነማርካው። የዘበኛውን ፈቃድ ጠይቁ፣ «ጋሼ ለጨረታው ነው፣ ፎቶ ላንሳ?» ብሎ መጠየቅ አያዋርድም፣ አይሆንም ካሉ ንብረት ክፍሉን አስፈቅዱ። እኔን አንዴ ያዳነኝ ይሄ ነው። አንዲት ሞተር አሸንፌ ልረከብ ስሄድ ባትሪዋና ካርቡራተሯ የለም። ስጠይቅ «ባለበት ሁኔታ ነው የሸጥንልህ» አሉኝ። ስልኬን አወጣሁና ከሶስት ሳምንት በፊት ያነሳሁትን አሳየኋቸው፣ ባትሪው ላይ የተጻፈችው የቀለም ምልክት ሳይቀር ትታያለች። ዝም ተባለ። ትንሽ ቆይተው አንዱ ልጅ «መጋዘን ውስጥ ለጥንቃቄ አስቀምጠነው ነው» ብሎ ባትሪውን ይዞ መጣ፣ ካርቡራተሩ ግን እስከ ማግስቱ «ለጥንቃቄ» ተቀምጦ ነበር።

የቢሮ እቃ ላይ ብዙ አላወራም። ወንበርና ጠረጴዛ የሚገዛው አናጺ ነው፣ እንጨቱን ነው የሚያየው፣ ነቀዝ አለው የለውም ነው። ኮምፒውተርና ፎቶ ኮፒ ማሽን አብሮ በሎት ሲወጣ ሃርድ ዲስኩ ወጥቶ ሊሆን ስለሚችል ክዳኑን አስከፍቱ። ቁርጥራጭ ብረት ከሆነ በኪሎ ነው በጥቅል የሚለውን አጥርታችሁ ጠይቁ፣ በጥቅል ከሆነ ክብደቱን በግምት ነው የምትገዙት። ማግኔቷ እዚህ ነው የምትጠቅመው፣ ብረትን ትይዛለች፣ መዳብና አልሙኒየም አትይዝም፣ ቁራሌዎቹ ዋጋ የሚሰጡት ለማትይዘው ነው። ቁራሌዎቹ በነገራችን ላይ ከሁላችንም የተሻለ ይገምታሉ፣ ከተቀመጡበት ሳይነሱ ይሄ ይሄን ያህል ኪሎ ይወጣዋል ብለው ትንሽ ነው የሚስቱት።

ዋጋ ስትሞሉ ከመጨረሻው ተነሱ። እቃው ተሰርቶ ገበያ ላይ ስንት ያወጣል? ከሱ ላይ ጥገናውን፣ ጎማና ባትሪውን፣ ስም ማዛወሪያና ቴምብር ቀረጡን፣ የቦሎ ውዝፍ ካለ እሱን፣ መጫኛውን ቀንሱ። ጫኝና አውራጅ የምትሉትን ነገር እንዳትረሱ፣ ግቢው በር ላይ ተደራጅተው የሚጠብቁ ልጆች አሉ፣ ክረምት ከሆነ ደግሞ ዋልካው መኪናውን ይይዝና ሌላ ሂሳብ ይመጣል። እንበልና ሞተሩን 60,000 ብር ሞላችሁ፣ ማስታወቂያው ዋጋው ቫትን አይጨምርም ካለ 15 በመቶ ማለት ሌላ 9,000 ብር ነው፣ ያለ እሱ አስባችሁ ከሆነ ትርፋችሁ እዛው አለቀች። ቀረጥ ያልተከፈለበት መኪና ከሆነማ መጀመሪያ ጉምሩክ ሄዳችሁ ስንት እንደሚጠየቅበት ሳታጣሩ አትንኩት፣ ቀረጡ ከመኪናው ዋጋ በልጦ የተገኘበት ሰው አውቃለሁ። መነሻ ዋጋ ከተቀመጠ ከሱ በታች የሞላ ወዲያው ይወድቃል፣ ከሱ በላይ ግን ስንት ልሙላ የሚለው የራሳችሁ ነው፣ እኔ ክብ ቁጥር አልሞላም፣ 60,000 ሳይሆን 60,370 እላለሁ፣ በመቶ ብር ያሸነፈ ሰው አይቻለሁና።

«ሌላው ተጫራች ከሰጠው በላይ 100 ብር እጨምራለሁ» ብሎ መጻፍ ክልክል ነው፣ በሌላ ሰው ዋጋ ላይ ተንተርሶ ይሉታል፣ የሚሞክር ሰው ግን አይጠፋም።

ሲፒኦውን በተመለከተ፣ ባንክ ከመሄዳችሁ በፊት የመስሪያ ቤቱን ስም ከማስታወቂያው ላይ ፊደል በፊደል ቅዱ። «ጽህፈት ቤት» እና «መምሪያ» ለናንተ አንድ ናቸው፣ ለኮሚቴው አንድ አይደሉም። ማስከበሪያው በምትሞሉት ዋጋ በመቶኛ የሚሰላ ከሆነ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ አሰሩት፣ ሁለት ምክንያት አለው፣ አንደኛ ስሌት ብትሳሳቱ አያንስም፣ ሁለተኛ ሲፒኦውን ያየ ሰው ዋጋችሁን ቆጥሮ አይደርስበትም። ካላሸነፋችሁ ይመለሳል፣ አሸንፋችሁ ካልከፈላችሁ ግን ለመንግስት ገቢ ይሆናል፣ ልመና አይሰራም። የመጨረሻው ቀን ጠዋት ሲስተም የለም ሊሏችሁ ስለሚችሉ ከሁለት ቀን በፊት አሰሩት።

ፖስታው ውስጥ ዋጋውን በአሃዝም በፊደልም ጻፉ፣ የአንዱን ዋጋና ጠቅላላውን ደምራችሁ አረጋግጡ፣ ከተሳሳታችሁ በፍሉድ አታጥፉ፣ አዲስ ቅጽ ላይ ጻፉ፣ አዲስ ከሌለ በአንድ መስመር ሰርዛችሁ አጠገቡ ፈርሙ። ስም፣ ፊርማ፣ አድራሻ፣ ስልክ። ድርጅት ከሆናችሁ ማህተም። ንግድ ፈቃድ የሚጠይቅና የማይጠይቅ ጨረታ ስላለ እሱንም ከማስታወቂያው እዩ፣ አንዳንዱ መታወቂያ ብቻ ይበቃዋል። «4፡00 ተዘግቶ 4፡30 ይከፈታል» ካለ 3፡30 ላይ እዛ ሁኑ፣ ሳጥኑ ሲታሸግ ቆማችሁ እዩ፣ ሲከፈትም አትሂዱ ቁጭ በሉ፣ የሁሉም ዋጋ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ እናንተም በወረቀት ጻፉት። በሩ ላይ «አንተ ተወው፣ ለሻይ እንሰጥሃለን» የሚል ሰው ሊመጣባችሁ ይችላል፣ መመሳጠር ነው፣ ወንጀል ነው፣ አይ ብሎ ማለፍ ነው። ቅሬታ ካላችሁ ውጤቱ በተለጠፈ በቀናት ውስጥ በጽሁፍ ካላስገባችሁ ጊዜው ያልፋል፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ማማረር አይቆጠርም።

ካሸነፋችሁ የአሸናፊነት ደብዳቤውን ውሰዱ፣ ቀሪውን ክፈሉ፣ ደረሰኙን ተቀበሉ። ደረሰኝ የሌለው ክፍያ በፍጹም፣ «እኛው እናስገባልሃለን» ቢሏችሁም። ስትረከቡ የሚጻፈው የወጪ ሰነድ ሞዴል 22 ይባላል፣ እሱ ላይ የሻንሲና የኢንጂን ቁጥሩ በትክክል መጻፉን ሳታዩ አትፈርሙ። መኪናም ሆነ ሞተር ኮድ 4 (የመንግስት) ሰሌዳ ነው የሚኖረው፣ ሰሌዳው ተመላሽ ይሆንና ወደ ኮድ 2 (የግል) ወይ ወደ ኮድ 3 (የንግድ) ትቀይራላችሁ፣ ለዚህ ከመስሪያ ቤቱ ለትራንስፖርት የተጻፈ ደብዳቤ፣ ውሉ፣ ደረሰኙና ዋናው ሊብሬ ያስፈልጋል። ሊብሬው «ይፈለጋል፣ ቆይ» ከተባላችሁ የእቃውን ርክክብ እሱ እስኪገኝ አታስቸኩሉት፣ እቃው ከወጣ በኋላ ማንም አይፈልግላችሁም፣ እኔ የመጀመሪያዋን ሞተር ገዝቼ ሊብሬዋን ለማግኘት ከመስከረም እስከ ህዳር ተመላልሻለሁ፣ በኋላ የተገኘችው የድሮው ንብረት ክፍል ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ጠረጴዛው ራሱ ለቀጣዩ ጨረታ ተዘጋጅቶ ሜዳ ላይ ወጥቶ ነበር።

የመውጫ ፈቃዱን በሁለት ኮፒ አሰሩ፣ አንዱ በር ላይ ይቀራል አንዱ በእጃችሁ። መንገድ ላይ ትራፊክ ሲያስቆማችሁ ሰሌዳ የሌላትን ሞተር ጋሪ ላይ ጭናችሁ ስትሄዱ የምታሳዩት እሷኑ ነው።